አሥራ ዘጠኝ ነው በሉ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአረጋሽ ሻንቆ
ጂንካ

ሰላምታዬ ዘገየ እንጂ አልጎደለም። አንቺ፣ ወንድምሽ ሙሴ፣ ካኮ ያሉት አባታችሁ አቶ ሻንቆ፣ የክሊኒኩ ባልደረቦችሽም ሁሉ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱን ግን አልቻልኩትም። አሥራ ሁለት ዓመት ጂንካ ላይ በሸሚዝ ሲያስተምር የኖረ ሰው በጥቅምት አዲስ አበባ ሲገባ ምን እንደሚመስል አንቺው ገምቺ። ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው ክፍል የምገባው፤ የአዲሱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች «ጋሽ ድቡልቡል» የሚል ስም አውጥተውልኛል አሉ።

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሳልመልስ የቆየሁት ረስቻችሁ አይደለም፤ ለጠየቅሽኝ ነገር ቁርጥ ያለ መልስ ይዤ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

የሙሴ ዕድል ስንት ነው ብለሻል። ማትሪክ ከሚፈተነው መቶ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው አሥር እንኳ አይሞላም ይላሉ። ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የሚደርሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እኔ እዚያ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ከጂንካ ቴክኖሎጂ የገባ አንድም አላየሁም። ቁጥሩ ይህ ነው። ነገር ግን እንደ ሙሴ ያለ ልጅም አላየሁም። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ያውቃል፤ አውቆም ሌሎቹ እስኪደርሱ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል። የሚያሰጋኝ አማርኛው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በአሪኛ ስለምትነጋገሩ ድርሰት ላይ ይቸገራል። በሳምንት ሁለት ድርሰት አጽፊው።

ከመዛወሬ በፊት ለሶቭየት ኅብረቱ ነፃ የትምህርት ዕድል የሞላሁለት ፎርም እዚህ ደርሷል፤ ራሴ ሄጄ አረጋግጫለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቱ መሆኑን አንቺም እኔም እናውቃለን። ሁለት ጊዜ ክፍል ባይዘል ኖሮ ገና አሥረኛ ክፍል ነበር። ፎርሙ ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ይላል። ልጅ ቶሎ በመጎበዙ አይቀጣም ብዬ አሥራ ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ስምንት ብል ወርና ቀን ይቆጥሩብን ነበር። አሁን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ በቀበሌው መዝገብም ይኸው ይስፈር። አደራ፣ ማንም ቢጠይቃችሁ አሥራ ዘጠኝ ነው በሉ። ሙሴንም አስጠኚው።

አንቺን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል። አሥረኛ ክፍል ላይ ባታቆሚ ኖሮ ይህን ሁሉ ስለ አንቺም እጽፍ ነበር።

አስተማሪያችሁ
ጎሳዬ ሀብተ ማርያም


ጂንካ
ኅዳር 25 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሽ ጎሳዬ

ጌታ ጤናዎን ይስጥልን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤዎ እጄ የገባው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት አውሮፕላኑ ሁለት ዓርብ በላያችን ዞሮ ዞሮ ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰ። እኛም ያርፋል ብለን ከብቶቹን ከሜዳው አባርረን አንጋጠን አየነው። ያን ጊዜ ደብዳቤዎ በራሳችን ላይ ሲያልፍ እንደነበር ሳውቅ በጣም ተናደድኩ።

የሹራቡን ነገር ለሙሴ ባነብለት ከልቡ ሳቀ። ጋሽ ጎሳዬ ጂንካ ላይ እንደ ሸንበቆ ነበሩ፣ ሁለት ሹራብ ብቻ ድቡልቡል አያደርግም፣ አምስት ቢሆን ነው ይላል።

ዕድሜውን እንዳሉት አስመዘገብኩ። እኔም ካርድ ክፍል ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። የተወለደበትን ዓመት የሚያውቅ ከሃያ ሰው አንድ አይገኝም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ልጃቸው ዕድሜ፣ በጥርሳቸው፣ በፀጉራቸው እየገመትኩ እጽፋለሁ። በቀደም አንድ የበና ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ብጠይቃቸው «አንቺው ጻፊው፤ ቀለሙ ያንቺ ነው» አሉኝ። ቢሆንም ለማንም ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ዓመት ጨምሬ አላውቅም። እርስዎ ከእኔ ይብሳሉ።

የቀበሌያችን ጸሐፊ ንጉሤ መጀመሪያ አላመነም። ይህ ልጅ ትናንት አዝለሽው የምትዞሪው አይደለም ወይ አለኝ። ከዚያ የሙሴን ቁመት ከላይ እስከ ታች አየና ጻፈው። ሙሴ ውሸት አያውቅበትም። አሥራ ዘጠኝ ነኝ በል ስለው ታዲያ የትውልድ ዓመቴን ስንት ልበል ብሎ ራሱ ቀንሶ 1961 አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ትምህርት ይዞታል።

አባቴ ልጄ ሩስያ ሊማር ነው ብሎ ካኮ ገበያ ላይ አውርቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ሰዎች ጸሎት አስይዟል። ባለፈው ሲመጣ ሩስያ ከአርባ ምንጭ ይርቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ይርቃል አልኩት።

ስለ እኔ የጻፉትን ይተዉት። እናታችን ስትሞት አንዳችን መሥራት ነበረብን። እኔ ያቆምኩት እሱ እንዲቀጥል ነው። እንግዲህ እሱ ካልገባ የሚቀረው የሁለታችንም ትምህርት ነው።

አክባሪዎ
አረጋሽ ሻንቆ


ጂንካ
ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሽ ጎሳዬ

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የላኳቸው ሁለት የፊዚክስ መጻሕፍት ደርሰዋል። አንደኛው ከመሐል አሥር ገጽ ይጎድለዋል፤ ሙሴ ግን የጎደለውን ራሱ እየሠራ ይሞላዋል። ድርሰቱም ተሻሽሏል። ስለ ግንቦት ልደታ ጻፍ ብለው ስለ ስበት ጻፈ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ወሬ ጠይቀውኛል። በሰሜን የሆነውን እናንተ በሬድዮ ትሰማላችሁ፤ እኛ ጋ የሚታወቀው በሰው ማነስ ነው። ካኮ ገበያ ላይ ጎረምሳ አይታይም፤ ሸክሙን ሁሉ ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው የሚያነሱት። ቀበሌዎቹ ኮታ አለባቸው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነውን ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግባሉ። ተማሪ አይነካም ብለዋል፤ እስካሁንም አልነኩም።

እናቶች ካርድ ክፍል እየመጡ የልጃቸውን ዕድሜ ዝቅ አድርጌ እንድጽፍላቸው ይለምኑኛል። ለሦስት ጻፍኩ። ለአራተኛዋ እጄ ፈርቶ እምቢ አልኳት፤ ልጇን በሳምንቱ ወሰዱት። አሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች።

ስለ ሶቭየቱ ዕድል በሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ምንም አላሉም። ዝርዝሩ መቼ ነው የሚወጣው? አባቴ በየገበያው ቀን ይጠይቀኛል።

አረጋሽ


ጂንካ
ሰኔ 21 ቀን 1980 ዓ.ም.

ጋሽ ጎሳዬ

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ አይቀየሙኝ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው፤ ይህን የምጽፈው ሜዳው ዳር ቆሜ ነው።

ሙሴ ማትሪኩን ጨረሰ። ከሒሳብ የተጠራጠረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱንም የተሳሳተው ጥያቄው ነው ይላል። ደስታችን ግን አልቆየም። ባለፈው ቅዳሜ ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ ንጉሤ ከመዝገቡ ስም አነበበ። ሙሴ ሻንቆ፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ፣ ሥራ የሌለው። ተነሥቼ ተማሪ ነው አልኩ። የትኛው ትምህርት ቤት ነው ያለው ብሎ ጠየቀኝ። የጂንካውን ጨርሷል፤ ዩኒቨርሲቲ ገና አልገባም። ከፈተናው እስከ ውጤቱ ባሉት ወራት ልጁ የማንም ተማሪ አይደለም ለካ። ሐምሌ 16 እንዲቀርብ ታዟል።

ሐኪማችንን ዶክተር ተፈሪን ለመንኩት። ጥርሱንና የእጁን አጥንት አይቶ አሥራ ስድስት ነው ብሎ ሊጽፍልኝ ፈቃደኛ ነው፤ ማኅተምም ያደርግበታል። ንጉሤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከቀረበለት ስሙን ይሰርዛል። ነገር ግን የቀበሌው መዝገብ ከተቀየረ ለሶቭየቱ ፎርም የተጻፈው ደብዳቤ ሐሰት መሆኑ ይወጣል፤ ያ ዕድል ያን ቀን ያልቃል። ምናልባት ማትሪኩንም በሐሰት ዕድሜ ተፈተነ ብለው ይሰርዙበት ይሆናል። እዚህ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። እርስዎ ያውቃሉ።

ዕድሜውን ላስተካክል ወይስ ልተወው? ሌላ ምንም አይጻፉልኝ፤ አንዷን ቃል ብቻ በቴሌግራም ይላኩልኝ።

አረጋሽ


ቴሌግራም
ከአዲስ አበባ ወደ ጂንካ
ሰኔ 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዕድሜውን አትንኩ። ውጤት በቅርብ ይወጣል። ደብዳቤ ይከተላል። ጎሳዬ


አዲስ አበባ
ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአረጋሽ

እንደምን ከረማችሁ? የጭንቀት ደብዳቤሽ ትናንት ደርሶኝ ወዲያውኑ ቴሌግራም ቤት ሄድኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ምክንያቱን እንድታውቂ ነው።

አንድ መዝገብ ከተነካ ሌላውም ይነካል። ዛሬ አሥራ ስድስት ነው ብትሉ ነገ ያ አሥራ ዘጠኝ ከየት መጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው አንዴ ከተነሣ የት እንደሚቆም ማንም አያውቅም። የልጁ የአሥር ዓመት ትምህርት በአንድ ወረቀት ሊበላሽ ይችላል። ውጤቱ ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ አያልፍም ብለውኛል። የመግቢያው ደብዳቤ እንደወጣ እኔው በእጄ ተቀብዬ በመጀመሪያው አውሮፕላን እልከዋለሁ። ያን ጊዜ ንጉሤ ራሱ ይለቀዋል። ቀናት ብቻ ናቸው የቀሩን፤ ትንሽ ታገሡ።

ስለ ሶቭየቱ ዝርዝር የጠየቅሽኝ ጉዳይ፣ እንዲህ ያለው ነገር ጊዜ ይወስዳል። ተስፋ አትቁረጡ።

አባታችሁን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

ጎሳዬ ሀብተ ማርያም


ጂንካ
ሐምሌ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለጋሽ ጎሳዬ

ሙሴን ሐምሌ 16 ወሰዱት።

በዋዜማው አውሮፕላን መጥቶ ነበር። የፖስታውን ከረጢት ሲፈቱ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ከእርስዎ ምንም አልመጣም። ዶክተር ተፈሪ ወረቀቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ምናልባት ሐሳብዎን ቢለውጡ ብዬ ነው የተቀበልኩት። ቀበሌ ስንሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ።

ንጉሤ የሌሎቹን ስም ዝም ብሎ አለፈ። ሙሴ ጋ ሲደርስ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። «ዕድሜህ ስንት ነው? እውነቱን ተናገር» አለው። እኔ እንደገባኝ ሊያወጣው ፈልጎ ነው የጠየቀው፤ ድምፁ እንደዚያ ነበር። ሙሴ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ የእርስዎን ቴሌግራም እያሰብኩ ቦርሳዬን አልከፈትኩም።

«አሥራ ዘጠኝ። በ1961 ነው የተወለድኩት» አለ። እርስዎ ሰሌዳ ላይ ሲጠይቁት እንደሚመልስዎ ቶሎ ብሎ፣ ሳያመነታ ነው የመለሰው። ንጉሤ ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ።

አባቴ የደረሰው የተመለመሉት ልጆች ጭነት መኪናው ላይ ከተሳፈሩ በኋላ ነው። ይህ ነው ሩስያ የሚወስደው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ሰማው፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ብላቴ ማሠልጠኛ ገብተዋል ይላሉ። ውጤቱ ሲወጣ አይደብቁኝ።

አረጋሽ


አዲስ አበባ
መስከረም 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለአረጋሽ

እንኳን አደረሳችሁ ማለት ይከብደኛል፤ ቢሆንም እንኳን አደረሳችሁ። ነሐሴን ሙሉ ያልጻፍኩልሽ ባዶ እጄን ልጽፍልሽ ስላልቻልኩ ነው። ውጤቱ እኔ ካልኩት ከስድስት ሳምንት በላይ ዘገየ። ይህ ጥፋት የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቃል የገባሁልሽ ግን እኔ ነኝ።

እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፤ አምስቱም ኤ። አማርኛው ቢ ነው። የሚቆጠረው አምስቱ ስለሆነ አራት ነጥብ ማለት ነው። ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ተመድቧል። የመግቢያውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ፤ ስሙን በቀይ ያሰመርኩበት እኔ ነኝ፤ እጄ አላስቻለኝም።

ደብዳቤውን ይዤ ወታደሮቹን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል። አንድ መቶ አለቃ ወረቀቱን አንብቦ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሠራዊቱም ጎበዝ ይፈልጋል ብሎ መለሰልኝ። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሰዎች ግን ደህና ናቸው። ምክንያቱን ሳስረዳቸው ቦታውን ለአንድ ዓመት ይዘውለታል፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ማመልከት ይቻላል። እኔ እያለሁ ይህ ቦታ አይጠፋም። ይህን በማተቤ እምልልሻለሁ።

ለሙሴ ውጤቱን ጻፊለት። ይደሰታል።

ጎሳዬ


ጂንካ
ጥር 6 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጋሽ ጎሳዬ

ጤናዎን ጌታ ይጠብቅ። የመግቢያው ደብዳቤ ደርሶኛል። ለአባቴ አነበብኩለት፤ አጣጥፎ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀመጠው።

ከሙሴ አንድ ደብዳቤ መጥቷል፤ ግማሽ ገጽ ናት። ምግቡ ደህና ነው፣ ጫማው ይጠባል፣ ለአዛዦቹ የመድፍ ርቀት እያሰላ ስለሚሰጣቸው ከእንጨት ለቀማ ነፃ ወጥቷል። ከሥር ውጤቱ ወጣ ወይ ብሎ ጠይቋል። ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

አልወጣም ብዬ መለስኩለት። አይፍረዱብኝ። አምስት ኤ እንዳመጣ፣ ቴክኖሎጂ እንደገባ ካወቀ ይጠፋል፤ ከጠፋ ይተኩሱበታል። ባልዋሸው ኖሮ ዛሬ ሬሳው እንኳ አይገኝም ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አንድ የሚያውቀው ልጅ ወደ ሰሜን ተንቀሳቅሰዋል ብሎ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ንጉሤ መንገድ ላይ አገኘኝና ያን ቀን ወረቀት ይዘሽ እንደነበር ሰማሁ፣ ለምን አልሰጠሽኝም አለኝ። ምን ልበለው?

አረጋሽ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 2 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአረጋሽ

እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ጨጓራዬን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። የሙሴን ቦታ ዘንድሮም አሳድሻለሁ። የሬጅስትራሩ ጸሐፊ እንደ አባቱ ነው የምታየኝ፤ ስገባ ሳልጠይቃት ፋይሉን ታወጣለች።

አባታችሁን ያመማቸው ምን እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ካኮ ድረስ በእግር መመላለሱ ላንቺም አይበጅሽም።

የሶቭየቱ ዝርዝር በየትኛው ወር እንደወጣ ጠይቀሻል። ክሊኒክ አብራሽ የምትሠራው አስካለ ያጎቷ ልጅ እዚያ እንደሄደና በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ስሙን እንዳወቀ ነግራሻለች። ወሩን በትክክል አላስታውሰውም። የዚያን ዓመት ነገር ሁሉ ተደበላልቆብኛል። ለሙሴ የደረሰ ነገር ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ የምጽፈው ለአንቺ ነበር።

የብርድ ልብስ ልኬልሻለሁ።

ጎሳዬ ሀብተ ማርያም


አዲስ አበባ
ሰኔ 27 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለአረጋሽ

በሕይወት አላችሁ? ከመንግሥቱ ለውጥ ወዲህ ፖስታ ይሄድ አይሄድ አላውቅም። የዛሬው አውሮፕላን ይዞት ቢሄድ ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ መንገዱ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሄድ ወታደር ነው። በየቀኑ ወጥቼ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። የደቡብ ልጅ የመሰለኝን ሁሉ ሙሴ ሻንቆን ታውቃለህ ወይ እላለሁ።

ለአራተኛ ጊዜ ሬጅስትራር ሄጄ ነበር። የተመለሰ ሁሉ መስከረም ላይ ይመዝገብ ብለዋል። ቦታው አለ።

ሁለት ዓመት የሸሸሁትን ጥያቄሽን ዛሬ እመልሳለሁ። ዝርዝሩ የወጣው ሰኔ 14 ቀን 1980 ነው። የሙሴ ስም አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እኔው በዓይኔ አንብቤያለሁ። አንቺ ያን ደብዳቤ ሜዳው ዳር ቆመሽ ስትጽፊልኝ እኔ ካወቅሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ማለት ከዚያ ወዲያ ለምንም አይጠቅመውም ነበር። ማትሪኩን ደግሞ በዕድሜ የሚሰርዝ ሕግ የለም፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አሥራ ስድስት ቢሆን ግድ አልነበረውም።

ለምን አትንኩ አልኩ? መጀመሪያ አባታችሁን አፈርኩ ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። ካኮ ላይ ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ ጸሎት ተይዞ፣ ልጁ ቀረ ማለት ከበደኝ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ትንሹ እውነት ነው። ፎርሙ ላይ ፊርማዬ ነበረ። ሐኪም አሥራ ስድስት ካለ አሥራ ዘጠኝ ያለው ማን ነው ይባላል። ያን ጊዜ ሰነድ አጭበረበረ የተባለ መምህር አሻጥረኛ ተብሎ የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ። ውጤቱ በቅርብ ይወጣል፣ ማንም ሳይጎዳ ያልፋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከሙሴ ይልቅ ለራሴ ፈራሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቦታውን በየዓመቱ ያሳደስኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም። እዚያ ቢሮ ገብቼ ስወጣ ለአንድ ቀን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ይቅርታ አድርጊልኝ። የሚገባኝ ስለሆነ አይደለም የምጠይቅሽ።

ጎሳዬ ሀብተ ማርያም


ጂንካ
ነሐሴ 20 ቀን 1983 ዓ.ም.

ለጋሽ ጎሳዬ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አባቴ ግንቦት ላይ አርፏል። ሳልጽፍልዎ የቀረሁት መንገዱ ተዘግቶ ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አስካለ ከነገረችኝ ቀን ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ፈርቶ ነው የሚለው አልመጣልኝም። እርስዎ የሚፈሩ ሰው አይመስሉኝም ነበር። ተናድጃለሁ። ሁለት ቀን ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ የሰው ስም እየተሳሳትኩ ዋልኩ። ነገር ግን ያን ቀን ቦርሳው የእኔ ነበር፤ ወረቀቱም ውስጡ ነበረ፤ ንጉሤም ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ለእርስዎ አልሰጥም።

ሙሴ መጥቷል።

ሐምሌ 30 ነው የመጣው። ለማ የሚባል የኮንሶ ልጅ እጁን ይዞ ከአርባ ምንጭ ጀምሮ አንዳንዴ በመኪና፣ አብዛኛውን በእግር አደረሰው። ለማ እንደነገረኝ ዓምና የመድፍ ፍንጣሪ ጭንቅላቱን መትቶት አሥመራ ሆስፒታል አራት ወር ተኝቷል። ከዚያ ወጥ ቤት መደቡት፤ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። ቁስሉ ድኗል። ይበላል፣ ይራመዳል፣ አባቴ የተቀበረበት ቦታ ስወስደው አለቀሰ። ያየው ሰው ደህና ነው ይላል።

አንድ ቀን በቆሎ እየፈለፈልን ውጤቱን ነገርኩት። ሦስት ዓመት የደበቅሁትን እውነት አውጥቼ፣ አምስት ኤ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ፣ ቦታህ እስካሁን ተይዞልሃል አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። «ማን?» አለኝ።

አንተ ነህ አልኩት። ደስ አለው። ጥሩ ነው አለ። መልሶ ያ ልጅ መቼ ነው የሚሄደው ብሎ ጠየቀኝ።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፉን ሰጥቼው ነበር። ገጹን ይገልጣል፣ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ያያል፣ በጣቱ ይሄድበታል። ሊያነበው ይችላል፤ ከመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን መጀመሪያው የለም። ገበያ ልኬው መልሱን ሲሰጡት መቁጠር ይጀምርና አቋርጦ ይቆማል። ሰዎቹ ያውቁታልና በገንዘቡ ላይ እጁን ያጥፉለታል። ደህና ቀንም አለው። በደህና ቀኑ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ያን ቀን አያናግረኝም፣ ምግብም አይበላም። እኔ ደህና ቀኑን ነው የምፈራው።

ስለዚህ መስከረም ላይ ሬጅስትራር አይሂዱ። ያችን ጸሐፊ ያመስግኑልኝ፣ ፋይሉንም ትዝጋው። ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይኖራል።

የጠየቁኝን ይቅርታ በደብዳቤ አልሰጥም። የተጎዳው እኔ አይደለሁም፤ እኔ ከበደሉት ነኝ። አውሮፕላኑ አሁንም ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ይምጡና ፊቱ ተቀምጠው ራሱን ይጠይቁት። የሚገባው ቀን ላይ ከደረሱ ይመልስልዎታል። ካልደረሱም ቆይተው ይጠብቁት፤ እሱ ክፍል ውስጥ ሌሎቹን ይጠብቅ ነበር።

አረጋሽ ሻንቆ